እግር በሳፋ፣ ዐይን በፊዚክስ

ኢንጂነር የመሆን ዝግጅት የሚጀምረው አንድ ልጅ የቤቱን ሬዲዮ ፈታትቶ መልሶ መግጠም ሲያቅተው ነው። ልብ ይባል፤ ቢገጥመው ኖሮ ሬዲዮ ጠጋኝ ተብሎ ይታለፍ ነበር። ስላልገጠመው ግን እናቱ ብሎኖቹን ከምንጣፉ ላይ እየለቀሙ "ይሄ ልጅ ኢንጂነር ነው የሚሆነው" ይላሉ፤ አባትም ዜና ሳይሰሙ ያመሹበትን ብስጭት ዋጥ አድርገው ይስማማሉ። ከዚያች ምሽት እስከ 12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ያለው አሥር ዓመት ገደማ ለዘርፉ ምንም የጨመረው ነገር ስለሌለ እዚህ አይዘገብም።

ልጁን የሚጠብቀው በር ሁለት ነው። የመጀመሪያው ብሔራዊ ፈተናው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያንን አልፎ ቂሊንጦ ያለውን የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲን ወይም የአዳማውን አቻውን ለሚመኝ ተማሪ ተቋማቱ ራሳቸው የሚሰጡት መግቢያ ፈተና ነው። የመጀመሪያው በር ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ አገር ያወቀው በ2015 ዓ.ም. ነው፤ የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ይፋ ባደረጉት ውጤት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። በተከታዩ ዓመት 3.2 ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል። አራት ምርጫ ባለው ፈተና ጥያቄውን ሳያነብ መልስ መስጫውን ዝም ብሎ ያጠቆረ ሰው በአማካይ ከመቶ 25 ያገኛል። ስለዚህ ሃያ አምስቱ በነጻ የተሰጠ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት የሚፈለገው ለቀሪው ሃያ አምስት ነው።

ይህ ጥናት ተፈታኞችን ዝግጅት በሚጀምሩበት ጊዜ መሠረት በሦስት ይከፍላቸዋል፦ ከመስከረም ጀማሪ፣ ከጥምቀት በኋላ ጀማሪ እና ከነገ ጀማሪ። ከመስከረም ጀማሪው በዐይን የታየበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ መኖሩ የሚታወቀው በወሬ ሲሆን ሁልጊዜም የጎረቤት ልጅ ነው። ወደ ጎረቤት ተሻግሮ በራሱ ቤት ውስጥ ሲጠና ግን ከሦስተኛው ወገን ሆኖ ይገኛል፤ እዚያ ቤት ደግሞ ከመስከረም ጀማሪ ተብሎ የሚጠቀሰው የዚህኛው ቤት ልጅ ነው። ከጥምቀት በኋላ ጀማሪው ብዙ የሚጻፍበት አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር ፈተናውን የሚያልፈው እሱ ስለሆነ ለጥናት አይመችም።

ከነገ ጀማሪው ብዙ ዝርያ ያለው ወገን ነው። በውስጡ ከሰኞ ጀማሪ፣ ከፋሲካ ማግስት ጀማሪ፣ ሞዴል ፈተናውን አይቼ ጀማሪ፣ ኤክስትሪም የተባለውን አጋዥ መጽሐፍ ስገዛ ጀማሪ እና፣ እጅግ የረቀቀው፣ ሲጨንቀኝ ጀማሪ ይገኙበታል። ከሰኞ ጀማሪ ማክሰኞ ማለዳ ንቁ ሆኖ ቢነሣ እንኳ ስድስት ቀን ይጠብቃል፤ ጥናት በሳምንት መሀል መጀመር ነውር ነው። ሲጨንቀኝ ጀማሪ ደግሞ ጭንቀቱ እስኪመጣ በትዕግሥት ይቆያል፤ ጭንቀቱ ሲመጣ ግን እንዲህ ሆኖ ማጥናት እንደማይቻል ለወዳጆቹ ያስረዳል።

ሁሉንም የሚያገናኛቸው ፕሮግራሙ ነው። ፕሮግራም ማለት በማስመሪያ የተሰመረ፣ በሦስት ቀለም የተጻፈ፣ አልጋው ራስጌ የሚለጠፍ ወረቀት ሲሆን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በመነሣት ይጀምራል። ለቁርስ 15 ደቂቃ፣ ለጸሎት 10 ደቂቃ፣ ለእረፍት 5 ደቂቃ ይመድባል፤ ለመዘግየት ምንም አይመድብም። ፕሮግራሙን ማውጣት ሁለት ቀን ይፈጃል። ሁለቱ ቀናት በፕሮግራሙ ውስጥ የሉም።

ቀጥሎ መጽሐፍ ይሰበሰባል። በመጀመሪያ ኤክስትሪም ይገዛል፤ ከዚያ የሌላ ትምህርት ቤት ወርክሺት ይፈለጋል፤ የራስ ትምህርት ቤት ወርክሺት ምንም ዋጋ የለውም፤ ከሩቅ በመጣና ፎቶ ኮፒው በደበዘዘ ቁጥር ግን ክብሩ ይጨምራል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ፒዲኤፍ አለ። አንድ ጠንካራ ተፈታኝ በአንድ ሌሊት ከስልኩ አቅም በላይ የሆነ መጽሐፍ አውርዶ፣ ቦታ ለማግኘት የራሱን ፎቶዎች ደምስሶ፣ ብዙ እንደሠራ ሰው ደክሞት ይተኛል። የድሮ ፈተናዎችንም ይሠራል፤ ደጋግሞ ከመሥራቱ የተነሣ ሃያ ሦስተኛው ጥያቄ መልሱ ቢ መሆኑን ከእንቅልፉ ቢቀሰቀስ ይናገራል። ጥያቄው ምን እንደነበር ግን አይጠየቅም።

አባትየው በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ንግግር አላቸው። በእሳቸው ጊዜ ማትሪክ ማለት ማትሪክ እንደነበረ፣ ኢንጂነሪንግም አምስት ኪሎ ወይ ባሕር ዳር ፖሊ እንጂ እንደ ዛሬው በየከተማው እንዳልነበረ፣ እሳቸውም በኩራዝ እንዳጠኑ ይተርካሉ። ልጁ በዚያች ሰዓት መብራት ስለጠፋ በሻማ ያጠና ነበርና ክርክሩ ሳይነሣ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ።

የተፈታኝ ቀንደኛ ጠላት ፊዚክስ አይደለም፤ እንቅልፍ ነው። እንቅልፍን የመዋጊያ ስልቱ ብዙ ነው፤ ቡና አለ፣ ቆሞ ማንበብ አለ፣ ግቢ ውስጥ እየተንጎራደዱ መቸከል አለ። ጫት የሚባለውንም ጥናቱ ያውቀዋል፤ አባትየው ይህንን ጽሑፍ ሊያነቡት ስለሚችሉ ግን አያነሣውም። ከሁሉ በላይ የሚከበረው፣ በዕድሜም በተከታይም ታላቅ የሆነው ስልት እግርን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፎ ማጥናት ነው።

የዚህን የአስተሳሰብ ትምህርት ቤት መሥራች በስም የሚያውቀው የለም፤ በዝምድና ግን ሁሉም ያውቀዋል። አጎት ነው። በየቤቱ እግሩን ዘፍዝፎ ሲያጠና ያደረ፣ በዚያም ምክንያት ኢንጂነር ሆኖ አሜሪካ የሄደ አንድ አጎት አለ። እናት ስለ እሱ ሲናገሩ ውሃው በረዶ እንደነበረ፣ እግሩንም ሰማያዊ እስኪሆን አለማውጣቱን ይጨምራሉ። አጎትየው በበዓል ቀን ስልክ ሲደውል ጉዳዩ ተነሥቶለት "እኔ? እኔ እኮ እንቅልፍ እወድ ነበር" ቢልም ምስክርነቱ ተቀባይነት አላገኘም፤ አገር ቤት ከለቀቀ ቆይቷልና ረስቶት ነው።

የመዘፍዘፊያው ዕቃ ዓይነት ለዘርፉ መሠረታዊ ነው። ዋናው የፕላስቲክ ሳፋ ነው፤ ሰፊ ነው፣ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፣ ሁለት እግር ከነቁርጭምጭሚቱ ይይዛል። ቀለሙ በውጤት ላይ ለውጥ አላሳየም። በአሮጌ ቤቶች የብረቱ ሳፋ አለ፤ እሱ ቅዝቃዜን በመያዝ የሚስተካከለው የለም፤ ጉዳቱ ግን ተማሪው አውራ ጣቱን ባነቃነቀ ቁጥር ድምፁ ቤቱን ሁሉ ስለሚቀሰቅስ መላው ቤተሰብ ለኢንጂነሪንግ እንዲዘጋጅ መገደዱ ነው። ባልዲ የሚጠቀሙም አሉ። ባልዲ ለሁለት እግር በአንዴ ስለማይበቃ ባለባልዲው ቀኝና ግራ እግሩን በተራ ይዘፈዝፋል፤ በዚህ የተነሣ ምንጊዜም ግማሽ ጎኑ ነቅቶ ግማሽ ጎኑ ያንቀላፋል። ማስታጠቢያን ለዚህ ሥራ ማዋል ግን ከሳይንስ ወጥቶ ወደ ድፍረት የሚገባ ነው፤ እንግዳ በመጣ ዕለት ነገሩ ይወጣል፤ ተማሪውም ዘጠና ከመቶ ቢያመጣ እንኳ የሚታወሰው በዚያ ነው።

ተፈታኟ ሴት ከሆነች ሌላ ተለዋዋጭ ይገባል። እሷ ሳፋው ጋ ስትደርስ ውስጡ ልብስ ተነክሮ ይጠብቃታል። ስለዚህ መጀመሪያ ታጥባለች፣ ታለቀልቃለች፣ ታሰጣለች፤ ከዚያ ውሃ ቀይራ እግሯን ትዘፈዝፋለች። ወንድሟ ስድስት ሰዓት ላይ የጀመረውን ሞመንተም እሷ ስምንት ሰዓት ላይ ትጀምረዋለች። ጥናቱ ይህንን የሚመዘግበው ሁለቱም የሚፈተኑት በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ወረቀት መሆኑን ለማስታወስ ያህል ነው።

ስለ ውሃው እንናገር። ከሮቶ የተቀዳው ለብ የማለት ጠባይ አለው፤ ምክንያቱም ጣራው ላይ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። የሚመረጠው በርሜል ውስጥ ያደረው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ጉዳዩ ከቤተሰብ ጉባኤ ውጪ አይወሰንም፤ "የምንጠጣው ሳይኖር አንተ እግር ትዘፈዝፋለህ?" የሚለው ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም። የተገኘው ስምምነት ይህ ነው፦ ውሃው ሲነጋ አይደፋም። በመጀመሪያ ወለል ይወለወልበታል፤ የተረፈው ደጅ ላይ ላለው ጤና አዳም ይሆናል። ከትሪጎኖሜትሪ የተገኘ ተጨባጭ ጥቅም ቢኖር የዚያ ጤና አዳም መፋፋት ነው።

አሁን ነገሩ ወደ ፊዚክስ ይገባል። አንድ ኪሎ ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.18 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። ሳፋው ውስጥ 5 ሊትር ውሃ አለ እንበል፤ ከ15 ዲግሪ ተነሥቶ 25 እስኪደርስ 209 ኪሎ ጁል ይወስዳል። የክፍሉ አየር ድርሻ እንዳለ ሆኖ፣ የቀረውን የሚያዋጣው ተማሪው ነው። 209 ኪሎ ጁል በምግብ ሲመነዘር 50 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሆናል፤ ይኸውም ማታ ከተበላው ሽሮ ጥቂት ጉርሻ። እናት "ለጭንቅላትህ" ብለው ያጎረሱት ጉርሻ ቁልቁል ወርዶ ሌሊቱን ሙሉ የሳፋ ውሃ ሲያሞቅ ያድራል። ተማሪው ይህንን ስሌት በዚያች ሰዓት ቢሠራው አንድ የፈተና ጥያቄ መልሶ ነበር፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ ላይ ያለው ኬሚስትሪ ነው።

ስልቱ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የባዝል ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት አጭር ጽሑፍ እግር ሲሞቅ እንቅልፍ ቶሎ እንደሚመጣ አሳይተዋል። እግርን ማቀዝቀዝ እንቅልፍን ያዘገያል ብሎ መደምደም እንግዲህ ለሳፋው ትምህርት ቤት ቀላል ነው፤ ተከታዮቹ ግን ጽሑፉን አላነበቡትም፤ ፈተና ላይ አይመጣማ። ባያነቡትም ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም እዚያው ውስጥ የትምህርት ቤቱ ውድቀት ተጽፏል። ቀዝቃዛ ውሃ ቀዝቃዛ ሆኖ አይቀርም። ሰባት ሰዓት ላይ ቅጣት የነበረው ሳፋ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምቾት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ተማሪው ለብ ባለ ውሃ እግሩን ዘርግቶ፣ ጉንጩን ኤክስትሪሙ ላይ አሳርፎ፣ በአገር ውስጥ ከሚታወቁት እንቅልፎች ሁሉ የሚጣፍጠውን ይተኛል። ገጹ ጠዋት ፊቱ ላይ ታትሞ ይገኛል፤ የተገላበጠ ቢሆንም ቀመሩ ይነበባል።

የአየር ጠባይ ጉዳይም አለ። ደብረ ብርሃን ላይ ሳፋው እንደ ስልት ሳይሆን እንደ ንስሐ ይታያል፤ አምስት ደቂቃ የቆየ ሰው ሌሊቱን በሙሉ አይተኛም፤ አያነብምም፤ ይንቀጠቀጣል። አዲስ አበባ መካከለኛ ስለሆነች የትምህርት ቤቱ መናገሻ ሆናለች። አዳማ ላይ ውጤቱ አጠራጣሪ ነው። ሰመራ ላይ ደግሞ ከቧንቧ የሚቀዳው ውሃ ራሱ የሞቀ ነውና ስልቱ ከነጭራሹ አይሠራም፤ ይህም በአንድ ወቅት የፍትሐዊነት ጥያቄ ሊያስነሣ ይችል ነበር። ነገር ግን እዚያ እንቅልፍ የሚከለክለው ሙቀቱ ስለሆነ ተፈታኞች እኩል ሳይተኙ ያድራሉ።

በዚህ ዘርፍ ሊጠቀስ የሚገባው አንድ ትዕይንት አለ፤ በየቤቱ ያለ ልዩነት ይደገማልና። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። እናት ከመኝታ ቤት ወጥተው መብራቱን አይተው በሩ ላይ ይቆማሉ።

"አንተ ልጅ፣ ብርድ ሊመታህ ነው።"

"እያጠናሁ ነው እማዬ።"

"እግርህን አውጥተህ አታጠናም?"

"ካወጣሁት እተኛለኋ።"

እናት ጥቂት ያስባሉ። ከዚያ ሄደው ጋቢያቸውን አምጥተው ትከሻው ላይ ያደርጉና፣ ጫፉን አንገቱ ሥር አጠጋግተው፣ ትኩስ ሻይ አፍልተው አጠገቡ ያስቀምጣሉ። ሳፋው ከታች የወሰደውን ሙቀት ጋቢው ከላይ ይመልሳል፤ ሁለቱ ኃይሎች ይጣፋሉ፤ የተጣራ ውጤቱም ዜሮ ይሆናል። ልጁ በሩብ ሰዓት ውስጥ ይተኛል። እናት እግሩን ከውሃው አውጥተው በፎጣ ያደርቁለታል፤ እሱ አይነቃም። ጥናቱ በዚህ ትዕይንት ላይ የሚሰጠው አስተያየት ቢኖር ከላይ የተጠቀሰውን የ3.3 ቁጥር የሚያነብ ሰው ከጀርባው የደረቁትንም እግሮች እንዲቆጥር ነው። ይህ ሳይንሳዊ ስላልሆነ እዚህ ላይ ይቆማል።

ከሳፋው ሌላ ያሉትን ትምህርት ቤቶች በአጭሩ እንለፋቸው። ቤተ መጻሕፍት ሄደው የሚያጠኑ አሉ፤ አራት ኪሎ አብርሆት ከተከፈተ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ቁጥራቸው ጨምሯል፤ ጃኬታቸው ወንበር ይይዛል፣ እነሱ ደረጃው ላይ ቆመው ስለ ጥናት ይወያያሉ። "ያላወቅከውን ሁሉ ሲ በል" የሚሉም አሉ፤ ዝምተኛና ጊዜ ቆጣቢ ሕዝብ ናቸው፤ ከላይ የተባለውን 25 ከሌሎቹ ቀድመው ያገኛሉ። ከዚያ ደግሞ "የነገው ፈተና በእጄ ነው" የሚል የቴሌግራም ቻናል ፍለጋ የሚያድሩ አሉ። እነዚህ ታሪካዊ ምክንያት አላቸው፤ በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ ፈተናው በሙሉ ተሰርዞ እንደገና ተሰጥቷል፤ በቀጣዩ ዓመት በፈተናው ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቷል። ቻናሉ የሚሸጥላቸው የአምናው ፈተና ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ይቀየራል። ገንዘባቸውን ያጡ ቢመስልም ሳያስቡት የድሮ ፈተና ሠርተዋል፤ ከብዙዎች ይልቅ ተዘጋጅተዋል።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሥርዓቱ ተለወጠ። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እንዲሰጥ ተወሰነና ተፈታኙ በአውቶቡስ ተጭኖ ወደ ፈተናው መሄድ ጀመረ። ስልክ አይገባም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ብርድ ልብስ እና በሃይላንድ ጠርሙስ የተሞላ ጸበል ይታሸጋል፤ ሙስሊም ጎረቤት ደግሞ ቴምር ይጨምራሉ፤ እናት በሶው ላይ ስኳር መግባቱን ሦስት ጊዜ ይፈትሻሉ። ሳፋ ከተከለከሉት ዕቃዎች ውስጥ አለመሆኑ ታውቋል። ይዞ የሄደ ግን አልተሰማም።

ጥናቱ ከዚህ በኋላ የዶርም ተፈታኞችን በአልጋ አያያዝ፣ በቆሎ አካፋፈልና ከፈተና በፊት በሚያደርጉት ጸሎት ርዝመት ለመመደብ አቅዶ ነበር። አልሆነም። ዶርም ውስጥ ከመስከረም ጀማሪውና ከነገ ጀማሪው አንድ ተደራራቢ አልጋ ላይ ከላይና ከታች ይተኛሉ፤ ሁለቱም "ምንም አላጠናሁም" ይላሉ፤ አንዱ እየዋሸ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ለመለየት የሚያስችል መሣሪያ የለም። የመግቢያ ፈተናው የተስፋ መጠን፣ የቂሊንጦና የአዳማ ምርጫ፣ ሶፍትዌር ወይስ ሲቪል የሚለው ክርክር፣ እነዚህ ሁሉ ሰንጠረዥ ተሠርቶላቸው ነበር፤ ሰንጠረዡ ተትቷል።

የሚቀረው ከፊዚክሱ ፈተና በኋላ ያለው ምሽት ነው። ስምንት ልጆች በአንድ ዶርም ተሰብስበው በአሥራ አራተኛው ጥያቄ ይከራከራሉ። አንዱ ኤ ነው ይላል፣ ግጭቱን ወረቀት ላይ ሥሎ ያሳያል። ሁለተኛው ፍትጊያው ተረስቷል ብሎ ቢ ያደርገዋል። ሦስተኛው ሲ ብሏል፤ ምክንያት አልሰጠም፤ ከየት ትምህርት ቤት እንደሆነ ግን ታውቋል። ክርክሩ ተጋግሎ ከሌላ ዶርም ዳኛ ሊጠራ ሲል፣ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ በሶውን ሲበጠብጥ የነበረው ልጅ ማንኪያውን አቁሞ ቀና አለ።

"ቆይ፣ የመጨረሻው ገጽ ጀርባ ላይም ጥያቄ ነበረ እንዴ?"